አንበሳ በዘቅዛቄ ሜዳ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ኳስ ካላዩ እህል አይወርድላቸው በነበረበት ዘመን፣ ከተራራ ጎን ላይ የተለጠፈች ዘቅዛቄ የምትባል መንደር ነበረች። ዘቅዛቄ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ አታገኙም። ቤቱም፣ ማሳውም፣ መንገዱም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። የኳስ ሜዳዋማ አይነሳ! በላይኛው መስመር በኩል አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል፤ በታችኛው መስመር በኩል ደግሞ ቦይ ይወርዳል። ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ ዞር ካላችሁ፣ ስትመለሱ ቦዩ ውስጥ ነው የምታገኟት።

የዘቅዛቄ ቡድን አምበል ዳለቻ የተባለ አህያ ነበር። ዳለቻ ኳስ የሚመታው በኋላ እግሩ ነው። ጀርባውን ለጎሉ ይሰጥና አንዴ ሲያቀምሳት፣ ኳሷ የት ሄዳ እንደምታርፍ ያየ ያውቃል። በረኛዋ ጦጢት ነበረች። ጃርትም በረኛ ልሁን ብሎ ለምኖ ነበር፤ ሲሞከር ግን የመጀመሪያዋን ኳስ እንዳቀፋት ተንፍሳ ቀረች። አጥቂዋ እመት ፍየል ነች። የቡድኑን ምግብ የምታበስለውም እሷው ነች። ትንሽ ክለብ እንዲህ ነው፤ ጎል አግብተሽ ስትመለሺ ድስትሽን ታማስያለሽ።

ታዲያ እነዚህ ምስኪኖች በየዓመቱ ለጫካው ዋንጫ ይመዘገባሉ፤ በየዓመቱም ዕጣው ወደ ሰው ሜዳ ይልካቸዋል። ሙሉ ቀን ተጉዘው፣ ደክመው፣ ተሸንፈው ይመለሳሉ። ይኼ ነገር ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበው ዳለቻን ነበር። እናቱ እማማ ሸጊቱ አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው ታሞ ከዋርካው አልፈው መሄድ አይችሉም። ልጃቸው ለዋንጫ ሲጫወት አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ከጉዞው ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆመው «እንዴት ሆናችሁ የኔ ልጅ?» ይሉታል፤ እሱም ጆሮውን ጥሎ ይገባል።

«ሳልሞት አንድ ቀን እዚሁ ስትጫወት ባይህ» ይሉት ነበር። ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን፣ እሰይ! የዋንጫው ዳኛ ሰጎን ረጅም አንገቷን ዕጣው ያለበት ቅል ውስጥ ሰደደችና ሁለት ቅጠል አወጣች። አንዱን አየችው። ሌላውን አየችው። ደግማ አየችው።

«አስተናጋጅ፣ ዘቅዛቄ! እንግዳ…» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች፣ «እንግዳ፣ ግርማ ክለብ!»

ጫካው ተንጫጫ። ግርማ ክለብ ማለት የአንበሳ ክለብ ነው። አምበሉ ራሱ አንበሳ፣ በረኛው ጎሽ፣ ተከላካዩ ጅብ፣ የቡድን መሪው ቀበሮ። ዋንጫውን ለብዙ ዓመት ከቤታቸው ስላላወጡት የራሳቸው ዕቃ መስሏቸዋል።

ሌላው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ዳለቻ ግን እየፈነጨ ቤቱ ደረሰ።

«እማ! እዚሁ ነው! እዚሁ ሜዳችን ላይ! አንበሳ ሊመጣልሽ ነው!»

«ይምጣ! እግር የለው እንዴ?» አሉ እማማ ሸጊቱ። ከዚያ እያነከሱ ወጡና ዋርካው ሥር የሚቀመጡበትን ድንጋይ መረጡ። ጨዋታው ገና መሆኑን ቢነግሯቸውም ትንሽ ቁጭ ብለው ሞከሩት።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሮ ሜዳውን ሊያይ መጣ። ጅብም አብሮት መጣ፤ ማንም አልላከውም፣ የሆነ ነገር ሲበስል ሸትቶት ነው። በዋንጫው ወራት ማንም ማንንም እንዳይበላ የጫካው ሕግ ነው። ስለዚህ እመት ፍየል አልሸሸችም። ቢሆንም ድስቷን በእሷና በጅቡ መሀል አደረገች።

ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ ወደ መሀል ሜዳ ሲገባ የፊት እግሩ ሸርተት አለ። ልያዝ ቢል የሚያዝ ነገር የለም። ሲንከባለል፣ ሲንከባለል፣ ቦዩ ውስጥ ጥልቅ አለ። ጭራውን እያራገፈ ወጣ።

«ምንም አልሆንኩም!» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ከዚያ ዳለቻን ወደ ጎን ሳብ አደረገና ድምፁን አለሰለሰ። «ወንድሜ ዳለቻ፣ እኔ ለእናንተ ብዬ ነው። ጌታዬ አንበሳ ትልቅ እንግዳ ነው። አገር ምድሩ ተከትሎት ነው የሚመጣው። ይኼን… ይኼን ነገር ሜዳ ብላችሁ ልታሳዩት ነው? ምን ትባላላችሁ? እኛ ዘንድ ዓይን የሚሞላ፣ ለጥ ያለ ሜዳ አለ። ጨዋታውን እኛ ጋ እናድርገውና ከነውር ትድናላችሁ።»

የዳለቻ ጆሮ እስከ ጫፉ ድረስ ጋለ። ሜዳቸውን ያን ዕለት ገና በሌላ ዓይን አየው። እውነትም ጠማማ ነው። እውነትም ሣሩ እዚህም እዚያም ነው። ወዲያው ግን ዋርካው ሥር ያለችው ድንጋይ ትዝ አለችው።

«አይሆንም። ጨዋታው እዚሁ ነው» አለ።

«እንግዲያው አስተካክሉት» አለ ቀበሮ። «ወይ ሜዳ እንደ ሜዳ አድርጉት፣ ወይ እኛ ጋ ኑ። እንግዳ አክባሪ ናችሁ ሲባል ነው የምሰማው። እኔማ ለእናንተ ብዬ ነው።»

ይቺን ተናግሮ ሄደ። አያችሁት? አላስፈራራም፣ አልተሳደበም። ይሉኝታቸውን ነካ አድርጎ ሄደ።

የዘቅዛቄ ሰው ደግሞ ረሃብ ይችላል፣ ብርድ ይችላል፤ «እንግዳ መጥቶ እንዲህ አደረጉት» መባልን ግን አይችልም። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ መቆፈሪያውን ይዞ ወጣ። ላይኛው ወገን ይቆፈራል፣ አፈሩ ታችኛው ወገን ይደፋል። አንዱ «ዋርካው ለዓይን አያምርም፣ ይቆረጥ» አለ። ሌላው «ከጎረቤት መንደር የጎል መረብ እንዋስ» አለ። እመት ፍየል ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

«ለአንበሳ አሹቅ ይቀርባል? የተቀቀለ ባቄላ? ኧረ ጉዴ ፈላ! የት ሄጄ ምን ልዋስ?»

ከሁሉም ይበልጥ የሚለፋው ዳለቻ ነበር። አፈር ጭኖ ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል፣ ደግሞ ይጭናል። ኳሷን የነካት አልነበረም። ጦጢት የጎሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ኧረ እንለማመድ!» ብትል የሚሰማት አጣች።

እንዲህ እያሉ ጨዋታው ተቃረበ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጅብ ብቻውን ብቅ አለ።

«በዚህ ሳልፍ… ሰላም ልበል ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኑ ከድስቱ ሳይነሳ።

«ደህና ነህ አያ ጅቦ? ቁጭ በል» አለችው እመት ፍየል። መቼም ምርጫ የላትም፤ ደጃፍ ላይ የቆመ ሳይቀምስ አይሄድም። አሹቁን በጣባ ሞልታ ሰጠችው። ጅብ አንዴ አፉን ከፈተ፣ ጣባው ባዶ ሆነ። ደግማ ሞላችለት። በሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ሲወስድ ነው ሜዳው ላይ የሚቆፍሩትን ያየ።

«እሰይ፣ እየቆፈራችሁ ነው! ቀበሮ ደስ ይለዋል። እንዲያው በጭንቀት ሊሞት ነው የደረሰው።»

ጦጢት ከአግዳሚው ዘላ ወረደች። «ማን? ቀበሮ? ምን አስጨነቀው?»

«ይኼ ሜዳ ነዋ!» አለ ጅብ አፉን ሞልቶ። «‹እኔ ቀላሉ እንዲህ ከተንከባለልኩ፣ አንበሳ ቢረግጠው ምን ሊሆን ነው? እነዚህ እዚህ ሜዳ ላይ ካገኙን ጉድ ይሠሩናል፤ ወይ ሜዳውን እናስፈርሳለን፣ ወይ እነሱን ወደኛ እናመጣለን› አለኝ። ለማንም አትንገር ብሎኛል። አንቺ ግን እመት ፍየል፣ ለኔ ዘመድ ነሽ። ትንሽ ይጨመርልኛል?»

ጦጢት አፏን በእጇ ያዘች። እመት ፍየል ጨመረችለት፤ ለዚህ ወሬ ድስቱንም ቢበላ አይቆጫትም ነበር። ጅብ ጣባውን ልሶ፣ መርቆ፣ እየተወላገደ ሄደ። የተናገረውን ነገር መንገድ ላይ ረስቶት ሳይሆን አይቀርም።

ጦጢት በሩጫ ሄዳ ለዳለቻ ነገረችው። ዳለቻ ጀርባው ላይ አፈር ተጭኖ ቆመ።

«ይፈሩናል?» አለ።

«ይፈሩናል! ይኼን ስትቆፍር ለእነሱ ነው የምትቆፍረው!»

«ገባኝ። ግን ጦጢት፣ ቢሆንስ… እንግዳ ነው። ሰው ምን ይለናል?»

ያን ጊዜ ከዋርካው ሥር እማማ ሸጊቱ ተጣሩ። «ዳለቻ! ጭነቱን አውርድና ና እስኪ።»

አወረደና ሄደ።

«አንተን የወለድኩህ እዚህ ዋርካ ሥር ነው» አሉት። «ተወልደህ ብድግ ስትል እግርህ ከዳህና እየተንከባለልክ ቦዩ ውስጥ ገባህ። አወጣሁህ። ደግመህ ቆምክ፣ ደግመህ ገባህ። እኔም ሳቄ መጣ፣ አንተም ተናደድክ። ከዚያ አንዱን ጎንህን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ አድርገህ ቀጥ አልክ። ይኸው እስከ ዛሬ ወድቀህ አላየሁህም። አሁን ይኼን መሬት ለአንበሳ ብለህ ልታፈርሰው ነው?»

«እማ፣ እንግዳ እኮ ነው…»

«እንግዳማ ይከበራል። ማን አይከበር አለ? ግን የሚመጣው አንተ ቤት ነው። ቤትህን አፍርሰህ የሱን ቤት ከሠራህለት፣ እሱ የት መጣ ይባላል? እኔስ የት ቁጭ ብዬ ነው የማይህ?»

ዳለቻ የተቆፈረውን ሜዳ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ጆሮዎቹን አንድ ላይ ቀሰራቸው።

«ጦጢት! ኳሷን አምጪ!»

መንደሩ አፈሩን ወደ ነበረበት መለሰ። ዋርካውም ከመቆረጥ ተረፈ። እመት ፍየል መጥታ «አሹቁስ?» ብላ ጠየቀች።

«ቤት ያፈራውን ነው የምናቀርበው» አለ ዳለቻ። «ሜዳውንም፣ አሹቁንም። እኛ ያለን ይኼ ነው፤ ደግሞ ጥሩ ነው።» ለቀበሮም መልእክት ላከበት፤ «ሜዳችን ይኸው ነው። ኑ» የሚል።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። አገሩ ሁሉ ተራራውን ሞላው። እማማ ሸጊቱ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ግርማ ክለብ ሲመጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንበሳ ጎፈሩን አበጥሮ ከፊት፣ ጎሽ ከኋላው፣ ጅብ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ድስቱ።

በዘቅዛቄ አገሩ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሳይበላ ወደ ምንም ጉዳይ አይገባም፣ አስተናጋጅ ደግሞ እንግዳው ሳይሸኝ እህል አይቀምስም። እመት ፍየል አሹቁን በትልቅ ገበታ አቀረበች። ቀበሮ ዘሎ መሀል ገባ።

«ጌታዬ፣ ከጨዋታ በፊት አይበላም!»

አንበሳ ዙሪያውን ተመለከተ። ተራራው ሙሉ ዓይን ነው። «የሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን ገፋ ልባል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ? አንበሳ? አይደረግም!»

አያችሁልኝ? ይሉኝታ ለካ አንበሳንም ይይዛል።

«በሞቴ ጌታዬ፣ አንዲት ጭብጥ ይጨመርልዎ» አለች እመት ፍየል።

«በሞቴ ካልሽማ እመት ፍየል…»

«ጎሽዬም በሞቴ!»

«ኧረ በቃኝ…»

«ይኼን ያህል አካል ይዘህ በቃኝ? በሞቴ!»

እመት ፍየል ተንኮል አላሰበችም፤ ልቧ ሙሉ ነበር፣ እጇም ሙሉ ነበር። ጦጢትን ግን አላምናትም። በባቄላው ላይ ውሃ ደጋግማ ስትቀዳላቸው የነበረች እሷ ነች። ጅብማ አይነገርም። የራሱን ጨርሶ፣ የቀበሮን ድርሻ በልቶ፣ ገበታውን ላሰ። ዘቅዛቄዎች ቆመው አስተናገዱ፤ አንድም አሹቅ አልቀመሱም።

ሰጎን ፊሽካዋን ነፋች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘቅዛቄዎች በመጀመሪያው አጋማሽ አሳፈሩን። ማስተናገዱ አልለቀቃቸውም! አንበሳ ኳስ ይዞ ሲመጣ ተከላካዩ በግ ገለል ብሎ «ይለፉ ጌታዬ» አለው። አንበሳ አለፈ። ጎሉ ፊት ደርሶ አንዴ ሲያገሳ ጦጢት ራሷን አግዳሚው ላይ አገኘችው። እንዴት እንደወጣች እሷም አታውቅም። ኳሷ ከሥሯ ገባች።

አንድ ለባዶ። የግርማ ደጋፊ ዘፈነ። ቀበሮ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

በእረፍት ዳለቻ ቡድኑን ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ጦጢት መሬት መሬቱን ታያለች።

«የት ነበርሽ?» አላት።

«ላይ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«እኔ እንጃ። እግሬ አውጪኝ አለ እንጂ እኔማ አላልኩም።»

ሳቁ፤ መሳቃቸውም ደግ ሆነ። ዳለቻ መሀላቸው ገባ። «ስሙኝ። ምግቡን በልተዋል። ውሃውን ጠጥተዋል። ጎልም ሰጥተናቸዋል። ከዚህ በላይ መስተንግዶ የለም! አሁን ሜዳው የኛ ነው። በግ፣ ከእንግዲህ ማንንም ‹ይለፉ› አትልም።»

«እሺ» አለ በግ። «ብቻ ካገሳ…»

«ያግሳ! ሲያገሳ አፉ እንጂ እግሩ አይሮጥም።»

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣ። ባቄላው ሆዳቸው ውስጥ ተነፋ። አንበሳ ሊሮጥ ሲነሳ ሆዱ ቀረበት። ሜዳው ደግሞ አያዝንላቸውም፤ ለባልደረባቸው ያቀበሉት ኳስ ሁሉ ወደ ታች ይታጠፍና ቦዩ ውስጥ ይገባል። «ጅብ፣ አምጣ!» ይላሉ። ጅብ ይወርዳል። ጅብ ሆዱን ይዞ እያለከለከ ይወጣል። ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ኳሷ ደግማ ትወርዳለች።

ዘቅዛቄዎች ግን ኳስ ሲያቀባብሉ ወደ ላይ ነው የሚመቱት። እንግዶቹ ወደ ላይ እየተንጋጉ ሲሮጡ ኳሷ ዞራ ትመጣለች፤ የሚጠብቃት ታች ቆሟል። በግ ወደ ዋርካው አቅጣጫ ለጋት። ጎሽ ሳይቀር አንገቱን ወደዚያ አዞረ። ኳሷ ተመልሳ ስትወርድ እመት ፍየል በቀንዷ ተቀበለቻትና መረብ በሌለው ጎል ውስጥ አሳለፈቻት።

አንድ ለአንድ! ዋርካው ሥር አንዲት አሮጊት ድንጋዩን በሰኮናዋ ደበደበች።

«አግሳ! አግሳ!» አለ ቀበሮ ከመስመር ውጪ። አንበሳ ወደ ጦጢት ጎል ቀርቦ አገሳ። ቅጠል ረገፈ። የጦጢት እጅ አግዳሚውን ያዘ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። ኳሷ መጥታ ደረቷ ላይ አረፈች፤ አቅፋት ወደቀች።

«ቤቴ ነው!» ብላ ጮኸች እንደተኛች። «ከቤቴ የት እሄዳለሁ?»

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ኳሷ ጅብ እጅ ገባች። እግር ማለቴ ነው። ጅብ ደግሞ ያገኘውን ለማን ሲሰጥ አይታችኋል?

«አቀብለኝ!» አለ አንበሳ።

«የኔ ናት» አለ ጅብ።

«አቀብል አንተ ሆዳም!»

«ከቦይ ያወጣኋት እኔ!» ብሎ ኳሷን በሁለት እግሩ ሊያቅፋት ሲሞክር ሆዱ አደናቀፈው። ተንከባለለ። ኳሷን ሲጥላት ዳለቻ ደረሰባትና በላይኛው መስመር፣ በዋርካው በኩል ይዟት ወጣ። ጎሉ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ እንደልማዱም ጀርባውን ለጎሉ ሰጠ።

ጎሽ ከት ብሎ ሳቀ። «ፊትህን አዙር እንጂ! ጎሉ በዚህ ነው!»

ዳለቻ አላዞረም። ፊቱ ወደ ዋርካው ነበር። ከዋርካው ሥር እናቱ ያዩታል፣ እሱም ያያቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ሜዳ ጆሮውን ጥሎ ሲመለስ የተቀበለው ያ ፊት ነው። አንዱን ጎኑን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ አደረገ። መታት።

ኳሷ የት እንደሄደች አላየም። ያየው እናቱን ነው። እማማ ሸጊቱ፣ እኚያ ጉልበታቸው የታመመ አሮጊት፣ ከድንጋያቸው ብድግ ብለው ቆሙ። ያን ጊዜ ገባው፤ ጎል ናት። ከዚያ በኋላ ነው የሕዝቡ ጩኸት የመጣ።

ሁለት ለአንድ! ሰጎን ፊሽካዋን ነፋች። ተራራው ተደበላለቀ።

ቀበሮ እየጮኸ ወደ ዳኛዋ ሮጠ። «ሜዳው ጠማማ ነው! ጨዋታው ይሰረዝ! ይኼ ሜዳ ነው ተብሎ…»

«ቀበሮ» አለ አንበሳ ከኋላው። ጎፈሩ አቧራ ለብሷል፣ ሆዱም ይጮሃል። «ሜዳው አንተ ስታየውም ጠማማ ነበር?»

ቀበሮ ጭራውን እግሩ መሀል ወሸቀ። «አዎ ጌታዬ… ግን አስተካክሉ ብያቸው…»

«አላስተካከሉም» አለ አንበሳ። ወደ ዳለቻ ዞረና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «እኔ ብዙ ሜዳ ረግጫለሁ። የሄድኩበት ሁሉ ለኔ ብለው ያስተካክሉታል። እናም የሄድኩበት ሁሉ የኔው ቤት ይመስለኛል። ዛሬ ገና ሰው ቤት ሄድኩ። ወንድሜ ዳለቻ፣ ጥሩ አስተናግደኸኛል።» አለና ተሰናብቶ ቁልቁለቱን በጥንቃቄ ወረደ። ቀበሮ ራቅ ብሎ ተከተለው።

እንግዳ ከተሸኘ በኋላ የዘቅዛቄ ልጆች ገና ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ትዝ አላቸው። ወደ ድስቱ ሮጡ። ድስቱ ባዶ ነው፤ ጅብ አጠገቡ ተኝቶ ያንኮራፋል።

«አላለቀም» አለች እመት ፍየል እየሳቀች። «አያ ጅቦ እንግዳ መሆኑን ካወቅሁ ጀምሮ ሌላ ድስት ከዋርካው ጀርባ አለኝ።»

ዋርካው ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዳለቻ የመጀመሪያዋን ጭብጥ ለእናቱ አቀረበላቸው። እማማ ሸጊቱ አሹቁን እያላመጡ «እንዴት ሆናችሁ የኔ ልጅ?» አሉት፣ ሁሉን አይተው ሲያበቁ፣ እንደ ልማዳቸው።

ዳለቻም ጆሮዎቹን ቀስሮ፣ «አሸነፍን እማ» አላቸው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ እንግዳ ሲመጣ በክብር ልንቀበለው፣ በቤታችን ግን ልናፍር እንደማይገባን ነው፤ በገዛ ቤቱ የሚያፍር በገዛ ሜዳው ላይ እንግዳ ሆኖ ይውላልና።